የብራዚላዊው አስተማሪ የፓውሎ ፍሬሬ «ፔዳጎጂ ኦፍ ዘ ኦፕረስድ» (የተጨቆኑ ሰዎች ትምህርት እንደማለት) የ50ኛ ዓመት እትም፦ ማታ ማታ ጎልማሶች ከሚያስተምር ሰው የተጻፈ ሪቪው

ይሄን ሪቪው ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ግን አንዴ አንብቤ ከማወራ ብዬ ሁለተኛ እስክጨርሰው ጠበቅኩ። ቀን ቀን አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፣ በሳምንት ሦስት ማታ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ ለጎልማሶች ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ፣ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፣ ጉሊት የሚሸጡ፣ እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ። ስለዚህ መጽሐፉን ያነበብኩት ለክፍሌ ምን ይጠቅመኛል ብዬ ነው፣ ሪቪውውም በዛው ዓይን ነው፣ የፍልስፍና ትንታኔ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ያገኛል።

መጀመሪያ ስለ ግዢው ልናገር። አንድ ኦንላይን የሚሸጥ ልጅ ጋር አዝዤ 600 ብር ከፍዬ የመጣልኝ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ነበር፣ ኮፒ መሆኑን አልነገረኝም፣ እሱም ይሁን፣ ግን ሦስተኛው ቻፕተር መሃል ላይ ገጾች ጎድለዋል፣ የቀሩትም አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ተቆርጦ የየመስመሩ የመጨረሻ ቃል የለም። ስደውልለት «እሱን ያየው ሰው የለም» አለኝና ስልኩን ዘጋ። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ሦስተኛው ቻፕተር ለአስተማሪ ዋናው ነው። በኋላ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ኦሪጅናሉን ይዞልኝ መጣ፣ ብሉምስበሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው፣ የመጽሐፉን 50ኛ ዓመት አስመልክቶ የወጣው። ከ200 ገጽ ትንሽ በለጥ ይላል፣ ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ፊደሉ ግን ለኔ ዓይን ደቀቅ አለብኝ፣ ማታ በአምፖል ለሚያነብ ሰው ይከብዳል። ኮፒ የምትገዙ ካላችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ።

አሁን ወደ ሰውየው። ይሄን የምለው መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ስላልገባኝ ነው፣ ከዛ የሕይወት ታሪኩን ፈልጌ አንብቤ ስመለስ ግን ቃላቱ በሙሉ ሥጋ ለበሱ፣ ስለዚህ ለናንተ ቅደም ተከተሉን ልገልብጥላችሁ።

ፓውሎ ፍሬሬ የተወለደው እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1921 ሬሲፌ ነው፣ ብራዚል ሰሜን ምሥራቅ፣ ፐርናምቡኮ በሚባለው ግዛት፣ ድርቅና ድህነት በማይጠፋበት፣ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች እንደ ንጉሥ በሚኖሩበት አካባቢ። አባቱ የፖሊስ መኮንን ነበሩ። ፊደል የቆጠረው ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው፣ ግቢያቸው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ አባትና እናቱ መሬቱ ላይ በእንጨት ስባሪ እየጻፉለት፣ ሰሌዳው አፈር፣ ጠመኔው ጭራሮ። የሚጻፉለት ቃላት ደግሞ የራሱ ቃላት ነበሩ፣ ልጁ ቤት ውስጥ የሚላቸው፣ የትልልቅ ሰው ቃላት አይደሉም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከዛ የ1929ኙ የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ መጣና ቤተሰቡ ወደቀ። ጃቦአታኦ ወደምትባል ሬሲፌ አጠገብ ያለች ከተማ ሄዱ፣ ልጁ ገና 13 ዓመቱ ሲሆን አባቱ ሞቱ። ረሃብን ያወቀው ያኔ ነው። በኋላ ሲናገር ትምህርት ያልገባኝ ደደብ ሆኜ ሳይሆን ርቦኝ ነው፣ ሆዴ ሲጠግብ መረዳት ጀመርኩ የሚል ሐሳብ አለው፣ እኔ ይሄን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ፣ ምክንያቱም ጠዋት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው የሚያንቀላፉ ልጆች አሉኝ፣ ስንቴ ነው ተነስ ብዬ የጮህኩባቸው። እናቱ እየዞሩ ያለ ክፍያ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ፈልገው ሬሲፌ ውስጥ አገኙለት፣ እሱም አድጎ እዛው ትምህርት ቤት ፖርቱጋልኛ ሰዋስው አስተማረ።

ሕግ ነው የተማረው። የመጀመሪያ ጉዳዩ ዕዳ መክፈል ያቃተው አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ነበር፣ ፍሬሬ የቆመው ለአበዳሪው፣ ሰውየው ቁጭ ብሎ ችግሩን ሲነግረው ጠበቃነት በቃኝ ብሎ ተወ። ቤት ሲገባ ባለቤቱ ኤልዛ አልተቆጣችም፣ ደስ ነው ያላት። ኤልዛ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፣ በ1944 ነው የተጋቡት፣ አምስት ልጆች ወልደዋል፣ እና በኔ አስተያየት ስለ ፍሬሬ ሲወራ የሷ ስም በጣም ነው የሚያንሰው፣ ወደ ትምህርት ሥራ የገፋችው እሷ ናት።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ፣ እሱ ራሱ በ1992 በወጣው «ፔዳጎጂ ኦፍ ሆፕ» ላይ የጻፈው። ሴሲ የሚባል ለፋብሪካ ሠራተኞች አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ውስጥ ሲሠራ ወላጆችን ሰብስቦ ልጅ መምታት ጥሩ አይደለም እያለ የልጆች ሥነ ልቦና ምሁሩን ፒያዤን እየጠቀሰ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ዕድሜው ወደ 40 የሚጠጋ አንድ ሠራተኛ ተነሳና እርስዎ እኛ የምንኖርበትን ቤት ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀው፣ ከዛ የፍሬሬን ቤት ሳያየው አንድ በአንድ ገለጸለት፣ ክፍሉን፣ የሚታጠብበትን ሙቅ ውሃ፣ ግቢውን፣ ከዛ የራሱን ቤት ገለጸ። አንተ ስትገባ ልጆችህ ታጥበው ጠግበው ነው የሚጠብቁህ፣ እኛ ስንገባ ልጆቹ ርቧቸው ይጮኻሉ፣ እኛ ደግሞ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት አለብን፣ ልጆቻችንን የምንመታው ስለማንወዳቸው አይደለም፣ ኑሮው ነው ዓይነት ነገር አለው። ፍሬሬ አፍሮ መኪና ውስጥ ለኤልዛ ግልጽ አድርጌ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፣ አልገባቸውም መሰለኝ ሲላት ያልገባህ አንተ ትሆን እንዴ አለችው። መጽሐፉ ውስጥ «ዲያሎግ» (እየተደማመጡ እኩል መነጋገር) የሚባለው ነገር በሙሉ ከዚህ መኪና ውስጥ ወሬ የወጣ ይመስለኛል።

ከዛ አንጂኮስ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሪዮ ግራንዴ ዶ ኖርቴ ውስጥ ባለች በዚች ትንሽ ደረቅ ከተማ 300 የሚሆኑ ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብና መጻፍ ማስተማር ጀመሩ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ፕሬዚዳንት ጎላርት ራሳቸው መጥተው ተገኙ። እንዴት ነው ያደረጉት? መጀመሪያ ሰፈር ገብተው ሰዉ የሚያወራውን ይሰማሉ፣ ከሚያወራው ውስጥ ክብደት ያላቸውን ጥቂት ቃላት ይመርጣሉ፣ ከዛ ቃሉን የሚያሳይ ሥዕል ያቀርባሉ። ታዋቂው ምሳሌ ጡብ ነው፣ በፖርቱጋልኛ «ቲዦሎ»። ሥዕሉ ላይ ግንበኞች አሉ፣ መጀመሪያ ስለ ሥዕሉ ይወራል፣ ማን ነው የሚገነባው፣ የሚገነባው ሰው ቤት አለው ወይ፣ ከዛ ነው ቃሉ ተሰንጥቆ ታ ቴ ቲ ቶ ቱ፣ ዣ ዤ ዢ ዦ ዡ፣ ላ ሌ ሊ ሎ ሉ እየተባለ የሚዘረዘረው፣ ተማሪው ከዝርዝሩ ራሱ አዲስ ቃል ይሠራል። ያኔ ብራዚል ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው መምረጥ አይችልም ነበር፣ ይሄን ካላወቃችሁ በላይ ያሉት ሰዎች ትምህርቱን ለምን እንደፈሩት አይገባችሁም። በመላ አገሪቱ 20,000 የባህል ክበብ (ማንበብ የሚማሩበትን ቡድን እንደዛ ነው የሚሉት) ለመክፈት ታቅዶ ሳለ በ1964 ወታደሩ መንግሥት ገለበጠ፣ ፍሬሬ 70 ቀን ገደማ ታሰረ፣ ከዛ ቦሊቪያ፣ ከዛ ቺሊ ተሰደደ። መጽሐፉን የጻፈው ቺሊ ነው፣ ከገበሬዎች ጋር እየሠራ፣ በ1968 አካባቢ። በእንግሊዝኛ በ1970 ወጣ፣ በገዛ አገሩ ግን እስከ 1974 አልታተመም።

አሁን መጽሐፉን ክፈቱት። አራት ቻፕተር ነው። የመጀመሪያው ከባድ ነው፣ ፈላስፋው ሄግል ምናምን እየተጠቀሰ ይሄዳል፣ እንግሊዝኛው ራሱ ይቆራርጣችኋል፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያቆመው፣ እኔም አቁሜ ነበር። ምክሬ ከሁለተኛው ጀምሩ። ሁለተኛው «የባንክ ትምህርት» የሚለው ነው፣ አስተማሪው ገንዘብ አስገቢ፣ ተማሪው የባንክ ደብተር፣ ትምህርት ማለት ማስቀመጥ፣ ፈተና ማለት ደግሞ ያስቀመጥከውን መልሶ ማውጣት። አራት ጊዜ አራት አሥራ ስድስት፣ የፓራ ዋና ከተማ ቤሌም ብሎ የሚደግም ልጅ ቤሌም ለፓራ፣ ፓራ ለብራዚል ምን እንደሆነች ሳያውቅ ይደግማል ይላል። እኛ የአገር ዋና ከተማ በዜማ ነው የያዝነው እኮ። አስተማሪው ያወራል ተማሪው ይሰማል፣ አስተማሪው ያውቃል ተማሪው አያውቅም እያለ በተራ የሚዘረዝርበት ቦታ አለ፣ እያንዳንዷን መስመር ሳነብ ራሴን አየሁ፣ 11 ዓመት እንደዛ ነው ያስተማርኩት።

እሺ ክፍሌ ውስጥ ምን ሆነ። እኔ በፊት ገበታውን ሰቅዬ ሀ ሁ ሂ ሃ እያስባልኩ ነበር የምጀምረው፣ እናቶቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሠርተው ነው የሚመጡት፣ በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ይቀራል። መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ ሀሁን ተውኩትና መጀመሪያ አንድ ሳምንት ዝም ብዬ ወሬያቸውን ሰማሁ። ወሬው ሁሉ ውሃ ነው። ውሃ መጣ፣ ውሃ ሄደ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ቀዳሁ። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ሥዕል አሳልኩና ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ፣ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ፣ ሴቶች ቆመው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሥዕሉ ተወራ፣ ማን ነው የሚሰለፈው፣ ለምንድነው ወንድ የሌለበት፣ እዚህ ሰልፍ ላይ የሚጠፋው እንቅልፍ የማን ነው። ከዛ «ጀሪካን» ብዬ ጻፍኩ። አራት ፊደል። ከሥሩ ጀ ጁ ጂ ጃ ጄ ጅ ጆ፣ ረ ሩ ሪ ራ ሬ ር ሮ፣ ከ ኩ ኪ ካ ኬ ክ ኮ፣ ነ ኑ ኒ ና ኔ ን ኖ።

እዚህ ላይ አስቡት፣ ፍሬሬ ለፖርቱጋልኛ ቃል ሰንጥቆ የፊደል ቤተሰብ መሥራት ነበረበት፣ የኛ ፊደል ግን ቀድሞውኑ በቤተሰብ ተደርድሮ ነው የተሠራው! ገበታው እጃችን ላይ ነበረ፣ የጎደለን የሚጀመርበት ቃል ነው።

ከነዚህ ፊደሎች ቃል ፈልጉ አልኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዛ አንዷ «ክር» አለች፣ ጥልፍ ትጠልፋለች። ሌላዋ «ጆሮ»። ከዛ ከኋላ የሚቀመጡ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ እስከዛ ቀን አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ እናት ተነሱና ጠመኔውን ተቀብለውኝ ወደ ሰሌዳው ሄደው በጣታቸው ነን ላይ ጠቅ፣ ወደ ጎን አንድ ሄደው ኑ ላይ ቆሙ፣ ከዛ ረ ላይ ወጥተው እስከ መጨረሻው ሮ ድረስ ሄዱና «ኑ… ሮ» አሉ። «ልጄ፣ ኑሮ አይደለም ወይ ይሄ?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ጻፉት፣ ሮዋ ጋደል ብላለች፣ ግን ኑሮ ነው። ክፍሉ በእልልታ ተናወጠ። በዛ ሳምንት የቀረ ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ለሚዛን ልበል። መጽሐፉን አንብበው የቄስ ትምህርት ቤቱን በሙሉ «ባንክ ነው» ብለው የሚጥሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ አልስማማም። ንባብ ቤት ቃል በቃል መያዝ አለ፣ እውነት ነው፣ ግን ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ እኮ በቃሉ የያዘውን ደግሞ አይወጣም፣ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ነው መምህሩ ፊት የሚቀርበው፣ የትናንቱን ቢደግም አይቀበሉትም። ፍሬሬ ይሄን ቢያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

እናቴ ደግሞ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ 1971 ዓ.ም. ላይ በተጀመረው። ያ ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ያስተማረ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነው፣ እናቴ ሰርተፊኬቷን እስከ ዕለተ ሞቷ ሳጥን ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ግን ከዘመቻው በኋላ የምታነበው ነገር አልነበራትም፣ ቀስ በቀስ ጠፋባት፣ የቀራት ስሟን መፈረም ነው። በዛ ዘመን ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ የሚባል መፈክር ነበር፣ ስለዚህ ፍሬሬ ስለ ንቃት ሲያወራ የኛ አገር አንባቢ ጆሮውን ቢያቆም አልፈርድም። አራተኛውን ቻፕተር ግን በደንብ አንብቡ፣ ለሕዝብ ቆሜያለሁ እያለ ለሕዝቡ መፈክር የሚያስቀምጥ መሪም ያው ባንክ ነው ብሎ በግልጽ ይጽፋል፣ ሕዝቡን ሳይሰማ ስለ ሕዝቡ የሚያስብን ሰው አይምርም።

ቅር ያለኝን ደግሞ ልናገር። አንደኛ፣ ነገ ጠዋት ክፍል ገብቼ ምን ላድርግ ለሚል ሰው መጽሐፉ ደረጃ በደረጃ አይነግርም፣ የጡቡን ዓይነት ዝርዝር የምታገኙት ከዚህ በፊት በጻፈው ሥራው ነው፣ እዚህ ያለው ሐሳቡ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ሁሉ ወንድ የሆነ ነው የሚመስለው፣ አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ቤል ሁክስ ይሄንን እየወቀሰችው ግን እየወደደችው ጽፋለች፣ እሱም በኋላ ትችቱን ተቀብሏል፣ እኔ ግን ሃያ ሴት የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ሆኜ ሳነበው ተሰምቶኛል። ሦስተኛው መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ግን መታወቅ አለበት፣ ከ1970 ጀምሮ ጄኔቫ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ውስጥ ሲሠራ ጊኒ ቢሳው ሄዶ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ረድቷል፣ ትምህርቱ በፖርቱጋልኛ ስለነበረ አልያዘም፣ አብዛኛው ሰው ቤቱ የማይናገረው ቋንቋ ነው። ማንጎ ዛፍ ሥር በራሱ ቃል የተማረ ሰው ሥራ ላይ ይሄ መድረሱ ያሳዝነኛል፣ ቋንቋውን የመረጠው መንግሥቱ ቢሆንም።

የዚህ እትም ተጨማሪ ነገር የዶናልዶ ማሴዶ አዲስ መግቢያና የአይራ ሾር የመጨረሻ ጽሑፍ ነው፣ ኖም ቾምስኪን ጨምሮ የተለያዩ ምሁራን ቃለ ምልልስም አለ። ማሴዶ ከፍሬሬ ጋር አብሮ የሠራ ሰው ስለሆነ መግቢያው ጥሩ ነው፣ ግን ረጅም ነው፣ ከመጽሐፉ በኋላ አንብቡት። ቃለ ምልልሶቹ አንዳንዱ ብቻ ነው የያዘኝ። የቆየውን እትም በርካሽ ካገኛችሁ ዋናው ጽሑፍ አይጎድልባችሁም።

ሰውየው ስደት ላይ አልቀረም፣ በ1980 አገሩ ተመለሰ፣ ከ1989 እስከ 1991 የሳኦ ፓውሎ ከተማ የትምህርት ኃላፊ ሆነ፣ ማለትም የጻፈውን ቢሮ ገብቶ፣ በጀት ይዞ፣ የሚያፈስ ጣራ ያለው ትምህርት ቤት ተረክቦ ሞከረው፣ ይሄ ነው ለኔ ትልቁ ክብሩ። ኤልዛ በ1986 ሞታበት በጣም ተጎድቶ ነበር፣ በኋላ ኒታን አገባ፣ ያ ያለ ክፍያ የተቀበለው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1997 በልብ ሕመም አረፈ፣ በ2012 የብራዚል ትምህርት አባት ተብሎ በሕግ ተሰየመ።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለመጀመሪያው ቻፕተር ክብደት ነው። አስተማሪ ከሆናችሁ፣ በተለይ ጎልማሳ የምታስተምሩ፣ ግዙት፣ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንብቡት፣ እኔ ሁለተኛውን ዙር ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነው ያነበብኩት፣ በጣም ይለያል። ለፈተና ማለፊያ የሚፈልግ ተማሪ ግን ገንዘቡን አያውጣ።

እኛ ነገ ማታ «ቆጣሪ» ላይ ነን፣ እናቶቹ ራሳቸው ናቸው የመረጡት፣ የመብራት ካርድ መሙላት የሰሞኑ ወሬ ስለሆነ። ቀ፣ ጠ፣ ረ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ሳወጣ እስካሁን ቁጥር፣ ቀጠሮ፣ ጣራ፣ ቅጥር አግኝቻለሁ፣ አልነግራቸውም፣ እነሱ ምን እንደሚያወጡ ለማየት ቸኩያለሁ።